ሆድ ይፍጀው እስከ መቼ? ስለ ንግግር ሕክምናና ስለ ብቸኝነት ጥያቄና መልስ

የምጽፈው ከአራት ኪሎ ነው። ላለፉት 17 ዓመታት ሥራዬ የንግግር ሕክምና ወይም ቴራፒ፣ ማለትም በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሰው ማዳመጥ ነው። የዛሬ ከሰዓት ቀጠሮዬ ስለተሰረዘ እስከ 11 ሰዓት ድረስ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ሆኖም በጽሑፍ ብቻ ለማንም «ይህ ሕመም አለብህ» አልልም፤ ሐኪም ያዘዘላችሁንም መድኃኒት እኔን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ የእኔን መልስ አይጠብቅ፤ አሁኑኑ አጠገቡ ላለ ሰው ነግሮ በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ጥያቄ (የባንክ ሠራተኛ፣ ከለገሃር)፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጓደኞች አሉኝ፤ ሲከፋኝም እነግራቸዋለሁ። ለማላውቀው ሰው ገንዘብ ከፍዬ የማወራው ወሬ ከጓደኛ ምክር በምን ይለያል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ዶክተር አይበሉኝ። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ መድኃኒት የሚያዝዘው የአእምሮ ሐኪም፣ ማለትም ሳይካትሪስት ነው። ሁለቱን ማምታታታችን አይገርምም፤ ለረጅም ዘመን በዚህች ከተማ ስለ አእምሮ ሕመም ሲነሳ ሰው የሚያውቀው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው ገና በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

ጓደኛ ይወድዎታል፤ ስለሚወድዎትም ሲያዝኑ ማየት ስለሚከብደው «አይዞህ»፣ «ተወው»፣ «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ ነገሩን እዚያው ይቋጨዋል። በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ከጓደኛዎ ጋር ነገ በሠርግ፣ በለቅሶና በዕቁብ ስለሚገናኙ ግማሹን ይነግሩትና ግማሹን ሆድ ይፍጀው ይላሉ። እኔ ግን እናትዎን አላውቃቸውም፣ ዕድራችንም አንድ አይደለም፤ የነገሩኝን ይዤ የምሄድበት ቤት የለኝም።

ባለታሪኩ ፈቅዶልኛልና አንድ ነገር ልንገርዎ። አንድ ጎልማሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየመጣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ቁም ነገር ሳይነግረኝ ቆየ። ውጭ የታክሲው ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ» እያለ በተጣራ ቁጥር በእጁ የያዛትን ቁልፍ ጨበጥ ያደርጋል። በአራተኛው ሳምንት የምን ቁልፍ እንደሆነች ጠየቅሁት። «የቤታችን ናት፤ ቤቱ ግን የለም» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። እኔ አይዞህ አላልኩትም፤ ዝም ብዬ አጠገቡ ቆየሁ። ካርል ሮጀርስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ ባለሙያው ማስመሰልን መተው፣ ሰውየውን ሳይመዝን መቀበልና ስሜቱን በእርሱ ቦታ ሆኖ መረዳት እንዳለበት ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም የሕክምናው ዓይነት የትኛውም ይሁን፣ በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ከውጤቱ ጋር እንደሚያያዝ ደጋግመው አሳይተዋል። እኔ የምሸጠው ምክር የለኝም፤ ምክር በዚህች ከተማ በነፃ ሞልቷል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)፦ ድብርት አለብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ለቀረበ ጥያቄ መልስ የለኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ትምህርትህን ትከታተላለህ? በእኛ ንግግር ድብርት ማለት ዝናብ የያዘው የእሑድ ከሰዓትም ጭምር ነው። በሕክምናው ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየዕለቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ ሐዘን ወይም ከዚህ ቀደም ደስ ይል የነበረውን ነገር መጥላት፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከትኩረት መዛባት ጋር ሲመጣ ነው። እንደዚያ ከሆነ በቅርብህ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂድ። በጽሑፍ ምርመራ እንደማልሰጥ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ የአንድ ቀን ክፍያ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደየቦታው ይለያያል። ደውለው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከቀጨኔ)፦ ለእህቴ ሐኪም የድብርት መድኃኒት አዝዞላታል። እናታችን ደግሞ መድኃኒቱን ትታ እንጦጦ ጸበል ትግባ ትላለች። በሁለቱ መካከል ተጨንቄያለሁ።

መልስ፦ መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋሉና በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ በድንገት ማቋረጥም ራሱን የቻለ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

አስተያየት (ከጊዮርጊስ አካባቢ)፦ እምነት ያለው ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? እኔ በዓይኔ የዳኑ አይቻለሁ።

አስተያየት (የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ከተክለ ሃይማኖት)፦ እኔም መድኃኒት ጥለው ሄደው፣ ብሶባቸው በዘመድ ተደግፈው የተመለሱትን አይቻለሁ። እነርሱን ማን ይቁጠራቸው?

አስተያየት (ከጊዮርጊስ አካባቢ)፦ እርስዎ መድኃኒት ስለሚሸጡ ነው።

አስተያየት (የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ)፦ እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ውሃው መድኃኒቱን አይከለክልም ነው ያልኩት።

መልስ፦ በዚህ ይብቃ። የተጠየቀው ስለ አንዲት እህት ነው። የሚጸልይላትና ክኒኗን በሰዓቱ የሚያስታውሳት አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እናትሽን ለዚህ አጋር አድርጊያቸው እንጂ አትከራከሪያቸው።

ጥያቄ (ካዛንቺስ የነበርኩ እናት)፦ ልጄ፣ ካዛንቺስ 38 ዓመት ኖሬ በ2017 ዓ.ም. ወደ ገላን ጉራ ተዛወርን። ቤቱ መልካም ነው፣ አላማርርም። ግን ቡና ሳፈላ ከአቦሉ በኋላ ጀበናውን አነሣዋለሁ፤ ቶናውንና በረካውን ለማን ብዬ? ልጆቼ «ቴራፒ ሂጂ» ይሉኛል። አብጃለሁ እንዴ?

መልስ፦ እናቴ፣ አላበዱም። ከጠየቃችሁኝ ሁሉ ይህንን ሳልቸኩል መመለስ እፈልጋለሁ።

እኛ ሐዘንን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን ባለሐዘኑን በቀጠሮ እንጎበኘዋለን። ሰፈር ሲበተን ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም፤ እንዲያውም «አዲስ ቤት አግኝተሽ» ተብለው እንኳን ደስ ያለሽ ይባላሉ። ስለዚህ ሐዘንዎን ስም ይስጡት።

እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የተነገረኝን የማጽናኛ ቃል ሁሉ ረስቻለሁ። የማልረሳው አንዲት ጎረቤታችንን ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ጓዳ በር ላይ በሳፋ ሲኒ ስታጥብ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እርሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳትለኝ ቆይታ፣ በመጨረሻ «ሽሮዋ ግን እንደሷ የሚሠራው የለም» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ዛሬ ሰው ፊት ስቀመጥ የማደርገው የተማርኩትን ያህል የእርሷን ነው።

ብቸኝነቱንም የእርስዎ ጉድለት አድርገው እንዳያዩት። እንግሊዝ በ2018 እ.ኤ.አ. ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾማለች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ስለ ማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን አቋቁሞ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው አስታውቋል። ቴራፒ ቢሄዱ አይጎዳዎትም፤ እኔ ግን በመጀመሪያ አንድ ሥራ ልስጥዎ። የጎን ጎረቤትዎን «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» አይበሏት፤ ያ ቀን አይመጣም። «ቅዳሜ በ10 ሰዓት አፈላለሁ፣ ሲኒሽን አውጥቼ እጠብቅሻለሁ» ይበሏት። ከካዛንቺስ ጎረቤቶችዎም አንዷን መርጠው በሳምንት አንድ ቀን በቋሚ ሰዓት ይደዋወሉ።

አስተያየት (ከሰንጋ ተራ)፦ ይኸው! ሕክምናችን ቡና ነበር። ቴራፒ የሚባለው የፈረንጅ ነገር ነው።

አስተያየት (የፒያሳ ልጅ)፦ በቡና ላይ የተነገረ ገመና ማታውኑ ሰፈሩን ይዞራል። የእኔ ዞሯል። ሰው ስለ ቡና ሲያወራ ሐሜቱን ለምን ይረሳዋል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ «ሐሳብ ያበዛ» ሰው እየመጣ ያወራቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ አያቶች ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍታት ተምረዋል፣ የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ፣ ሲብስም ወደ ሐኪም ይልካሉ፤ የሰሙትንም ይዘው ቡና ላይ አይቀመጡም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ድብርት ያለብኝ ይመስለኛል። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለስድስት ኪሎው ተማሪ የመለስኩትን ያንብቡ። ሳያነቡ አይጠይቁ።

ጥያቄ (ከካቴድራል አካባቢ)፦ ሁልጊዜ ጥርሴ ሲወልቅ አልማለሁ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ሕልም አልፈታም።

ጥያቄ (ሶፍትዌር ሠሪ፣ ከካዛንቺስ)፦ ሌሊት ሌሊት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አወራለሁ። አይሰለቸኝም፣ አይፈርድብኝም። ከሰው ይልቅ የሚገባው ይመስለኛል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በ1966 እ.ኤ.አ. ኤሊዛ የምትባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ፤ የሮጀርስን አነጋገር እየኮረጀች የሰውየውን ቃል ወደ ጥያቄ ለውጣ ከመመለስ ያለፈ አታውቅም ነበር። ፕሮግራሟ ስትሠራ ያየች የራሱ ጸሐፊ እንኳን ጥቂት እንዳወራቻት ብቻዋን እንድትሆን ክፍሉን ለቅቆ እንዲወጣ ጠየቀችው፤ እርሱም በዚህ ደንግጦ ቀሪ ዘመኑን ሰውን ሲያስጠነቅቅ ኖረ። እኔ እንደ እርሱ አልደነግጥም፤ ሌሊት በ9 ሰዓት ሐሳብን በጽሑፍ ማውጣት ይረዳል። ሆኖም የሚያወሩት ማሽን አይቀየምዎትም፤ ስለማይቀየምም ይቅርታ መጠየቅን አይለማመዱበትም። እኔ ከአንድ ሰው ጋር በምሠራበት ጊዜ ከሁሉ የምጠብቀው የሚናደድብኝን ቀን ነው፤ ተናዶ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ፣ ከተቀየሙት ሰው ጋር ወዳጅነት ሊቀጥል እንደሚችል ሁለታችንም እናያለን። ሞትን እያሰቡ የሚያወሩት ከሆነ ግን የላይኛውን ማስጠንቀቂያ እደግመዋለሁ፤ ስልኩን ትተው ሰው ይቀስቅሱ።

ጥያቄ (ከአምባሳደር አካባቢ)፦ ባለቤቴ ቤት ሲገባ ዝም ይላል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ እርሱ ሳይጠየቅ ስለ እርሱ አልናገርም። በትዳር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሁለታችሁም ሂዱ።

ጥያቄ (የባንክ ሠራተኛው ነኝ፣ ከለገሃር)፦ ቀጠሮ ልይዝ ወስኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምን እላለሁ? አፌ የሚያያዝ ይመስለኛል።

መልስ፦ «ከየት እንደምጀምር አላውቅም» ብለው ይጀምሩ፤ በቂ ነው። ባለሙያው ከትምህርቱና ከሥልጠናው ጀምሮ ምስጢር እንዴት እንደሚጠብቅ እስከማስረዳት ድረስ እንዲነግርዎ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ካልተስማማዎት ሌላ ይፈልጉ፣ ይሉኝታ አይያዝዎ። 11 ሰዓት ሆነ፤ ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማኛል፣ ክፍሌንም ማናፈስ አለብኝ።