ሞተሩን ከመምረጥህ በፊት ካምቢዮውን ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ሱሉልታ ነው የምትኖረው። ኬኢ 70 የምትባል አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለህ። ቦዲዋ ንጹሕ ነው፤ 4ኬ ሞተሯ ግን ደክሞ ዘይት ይበላል። ፈጣን መኪና ልታደርጋት ስለፈለግህ ከቶዮታ ሞተሮች 1ጄዜድ ቱርቦ፣ 3ኤስ ቱርቦ ወይስ ባለ 20 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ ልግጠምላት ብለሃል። ከላይ የመለሱልህ አብዛኞቹ «1ጄዜድ ግጠምና ተገላገል» ብለውሃል። እኔ አልስማማም። ገላን ላይ አሮጌ ቶዮታዎች ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርህ። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ከአየሩ ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ሆና ከዚያም ከፍ ትላለች። ባሕር ዳር ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ነው፤ እኛ ጋ 76 አካባቢ ነው። ቱርቦ (አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ፣ አንዳንዴም ከአራት አንድ እጁን ያጣል። ጃፓን ላይ 130 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 4ኤ-ጂኢ አንተ ሰፈር 100 ገደማ ቢሰጥህ ሞተሩ ታሟል ማለት አይደለም።

«እንግዲያው ቱርቦ ነዋ!» ትለኝ ይሆናል። እውነት አለህ፣ ቱርቦ ያጣነውን አየር ይመልስልናል። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ አንድ ጥቅምም አለው፦ ቤንዚኑ በቀላሉ ኖክ አያደርግም፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ያለጊዜው አይፈነዳም። ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት መጠን) ከፍ ያለ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በተራ ቤንዚን እዚህ በሰላም የሚሠራው ለዚህ ነው። ቱርቦ ስትገጥም ግፊቱ ይመለሳል፣ ኖኩም አብሮት ይመለሳል። 1ጄዜድ ቱርቦና 3ኤስ ቱርቦ የተሠሩት ለጃፓን ፕሪሚየም ቤንዚን ነው። እኛ ደግሞ ማደያ ሄደን ኦክቴን (ቤንዚኑ ኖክን የሚቋቋምበትን ደረጃ) አናማርጥም፤ ያለውን ነው የምንቀዳው። በዚህ ቤንዚን ላይ የሞተሩን ኮምፒውተር በትክክል የሚያስተካክልልህ ሰው እጅህ ላይ ከሌለ ፒስተን ታቃጥላለህ።

አሁን ወደ ሞተሮቹ። 1ጄዜድ-ጂቲኢ ድንቅ ሞተር ነው፣ ማንም አይክደውም። 2,491 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 280 የፈረስ ጉልበት። ግን ብሎኩ ብረት ነው፤ ረጅምና ከባድ ነው። የተሠራው ለቼዘርና ለማርክ 2 ነው እንጂ 4ኬ ተሸክማ ለተወለደች ቀላል ኮሮላ አይደለም። ብትገጥመው ራዲያተሩ ቦታ ያጣል። የፊት ሱስፔንሽኑ ይቀየራል። ፍሬኑ ይቀየራል፣ የኋላ ዲፈረንሻሉም ይቀየራል፤ ያ ዲፈረንሻል ያን ጉልበት ጨርሶ አይችለውም። ሁሉንም ስትጨርስ ከኮሮላዋ የቀረህ በርና መስኮት ነው። ገንዘቡ ካለህና ሥራውን እስከ መጨረሻው የሚይዝልህ ሰው ካገኘህ መብትህ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ተጀምረው ድንጋይ ላይ የቀሩ መኪኖች ብዙ አይቻለሁ።

3ኤስ-ጂቲኢ ለሴሊካና ለኤምአር 2 ነው፤ አግድም ነው የሚቀመጠው። ላንተ መኪና በቁመት ለማዞር ካምቢዮውን ከሌላ ቦታ ማምጣት፣ ማገናኛውንም ማሠራት አለብህ። እለፈው።

ባለ 20 ቫልቩ 4ኤ-ጂኢ ድምፁ ልብ ይሰርቃል። እሱም ግን በፊት ጎማ ለሚነዱ መኪኖች የተሠራ ነው። ወደ አንተ መኪና ሲገባ ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ከሞተሩ ጀርባ ስለሚወጣ ሞተሩን ከመቀመጫው ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ቦታውን ማዛወር ወይም ለየብቻ ኮይል ያለው ኢግኒሽን ማድረግ ግድ ነው። የውሃ መውጫውም እዚያው ጀርባ ነው። ይሠራል፣ ግን እያንዳንዷ ነገር በእጅ ነው የምትሠራው።

እኔ ብሆን ባለ 16 ቫልቩን 4ኤ-ጂኢ ነው የምወስደው። ኤኢ 86 ላይ የነበረው ነው፤ እሷም እንዳንተዋ በኋላ ጎማ የምትነዳ ኮሮላ ናት። ሞተሩ በቁመት መቀመጥ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኤ ቤተሰብ ነው። እነ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 5ኤ-ኤፍኢና 7ኤ-ኤፍኢ በየመንገዳችን ሞልተዋል፤ መካኒኮቻችን በደንብ ያውቋቸዋል፣ ብዙ ዕቃም ይጋራሉ። ቅዳሜ ማታ የውሃ ፓምፕ ቢሄድብህ ሰኞ ሶማሌ ተራ ሄደህ ታገኛለህ። የ1ጄዜድ ዕቃ እንደዚያ አይደለም።

ከፍታው የወሰደብህን ጉልበት ወደፊት ማካካስ ከፈለግህም መንገድ አለ። 4ኤ እና 7ኤ የሲሊንደራቸው ስፋት አንድ ነው፣ 81 ሚሊሜትር። የ7ኤ ፒስተን ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ 85.5 ሚሊሜትር። በዚህም 1,587 ሲሲ የነበረው 1,762 ይሆናል። በ7ኤ ብሎክ ላይ የ4ኤ-ጂኢ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) የሚጭኑ አሉ። ብሎኩ ቁመቱ ስለሚበልጥ የታይሚንግ ቀበቶው ይለያል፣ ፒስተኑም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ቀላል ሥራ ነው አልልህም። ግን በእኛ አየር ላይ ሲሲ ሲጨምር ወዲያው ይሰማሃል፤ በተለይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ካምቢዮው የሚመጣው። ያንተ ካምቢዮ ለኬ ሞተር የተሠራ ነው፤ ኤ ሞተር ላይ አይገጥምም። የሚያስፈልግህ ቲ50 የሚባለው ነው፤ ኤኢ 86 ላይና በኋላ ጎማ በሚነዱ አንዳንድ አሮጌ ካሪናዎች ላይ የነበረው። ሞተር ብዙ ነው፣ ይህ ካምቢዮ ግን ብርቅ ነው። መጀመሪያ እሱን ፈልግ። ካላገኘኸው 4ኤ-ጂኢ አትግዛ፤ ሞተሩ ሸራ ለብሶ ጥግ ይቀመጣል።

ካምቢዮው ጨርሶ ከጠፋ አትዘን። ላይትኤስ ከምትባለው ትንሿ የቶዮታ ቫን የወጣ 5ኬ ሞተር ፈልግ። 1,486 ሲሲ ነው፣ አሁን ያለህ ካምቢዮ ላይ ይገጥማል። በላይትኤስ ላይ ሞተሩ ዘንበል ብሎ ስለሚቀመጥ የዘይት ቋቱንና የዘይት መሳቢያውን ከ4ኬህ ታዛውራለህ። በደንብ ከታደሰና ካርቡራቶሩ ለእኛ ከፍታ ከተስተካከለ ያቺ ቀላል መኪና ከአሁኗ የተለየች ትሆንልሃለች። ይሄን ስል እንደ ሽንፈት አትየው። በሳምንት ውስጥ የምትነዳት መኪና ናት።

ስለ መግዛት ደግሞ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን መኪኖች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ሁላችንም እንፈልጋለን፤ ደህና ያገለገለ ሞተርም ተፈላጊ ነው። ስለዚህ ተጠንቅቀህ ግዛ። ሞተሩን ከነካምቢዮው፣ ከነኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ከነኮምፒውተሩ ካልሰጡህ አትውሰድ። ብዙ ሻጮች ሞተሩን ሲያወርዱ ገመዱን ከሞተሩ አንድ ስንዝር ላይ በጉጠት ይቆርጡታል። እዚህ ገላን አንድ ልጅ እንደዚያ ያለ ሞተር ገዝቶ ነበር። ከሴንሰሩ ሁለት ሰማያዊ ገመድ ይወጣል፣ አንዱ ቀጭን ቢጫ መስመር አለው፣ ሌላው ነጭ፤ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኖ ሁለቱም ጥቁር መስሏል። ኤሌክትሪክ ሠሪው አንድ በአንድ በቤንዚን ጨርቅ እየጠረገ ነበር የሚለየው። ክረምቱ በዚያ ሥራ አለቀ።

ኮምፕሬሽኑን አስለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ። ቁጥሩ ግን አያስደንግጥህ። መጽሐፉ 12 ባር ካለ እኛ ከፍታ ላይ 9 አካባቢ ማሳየቱ ጤና ነው፤ ጌጁም የሚለካው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። ማየት ያለብህ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከአንድ ባር በላይ ከተለያዩ ተወው። ሻጩ ካላስለካህም ተወው።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሞተር ሲገጥሙ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ፤ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይላሉ። ያስፈልጋል! ኢንጄክሽን ሞተር ቴርሞስታት ከሌለው አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንደተነሳ ስለሚቆጥር ቤንዚን እያበዛ ይረጫል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ይቀጥናል። የሱሉልታ ጠዋት ብርድ ላይ ደግሞ ይብሳል። የራዲያተሩንም ክዳን አዲስ ግዛ። እኛ ጋ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የክዳኑ ስፕሪንግና ጎማ ነው። ጎማውን በጥፍርህ ጫን በለው፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ጣለው።

ፍሬኑን ሞተሩ ከመግባቱ በፊት አሠራ፣ በኋላ አይደለም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርድ የኋላው ታምቡር ሲሞቅ የሚሆነውን ታውቀዋለህ።

በመጨረሻም ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ክፍያ ሳትፈጽም የመኪናህ ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሂድና የሞተር ለውጥ ለማስመዝገብ ምን ምን እንደሚጠይቁ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ያዝ። ሞተሩ የቀረጥ ሰነዱና የግዢ ደረሰኙ ይኑረው፤ የተፋቀ ቁጥር ያለው ሞተር በነፃ ቢሰጡህም አትንካ። ያለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ እዚያው ትያዛለህ።

ቲ50 ካገኘህ ከመክፈልህ በፊት ፎቶውን እዚህ ለጥፍልኝ፤ የካምቢዮውን አፍና የፍሪሲዮኑን ሹካ በቅርብ አንሳው። ወደ ገላን የምትመጣ ከሆነ የኮምፕሬሽን ጌጁን አውስሃለሁ።