የባንኩን ጥሪ ከመቀበልሽ በፊት

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ተቃርቤያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በፈሳሽና በጋዝ ውስጥ የሚፈጠርን የብርሃን ስብረት (ብርሃን ሲገባባቸው የሚታጠፍበት መጠን) ለውጥ በሚለካ የወርቅ ንጣፍ ሴንሰር ላይ ነው። ሥራው ግን በሙሉ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ ሴንሰሩን በእጄ ነክቼው አላውቅም፣ ስለዚህ ዋጋ ያለኝ አይመስለኝም። ያስተማረኝ አጎቴ የባንክ ፈተና አስፈትኖኝ አልፌያለሁ። ‹ይህ ሙያ በአገራችን ቦታ የለውም፣ ፊዚክስ ምን እንጀራ ይሆንሻል?› ይለኛል። ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት እናቴ በየወሩ ገንዘብ መላክ አለብኝ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ባንክ ልግባ ወይስ ውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ላመልክት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያልለቀቀኝ «በአገራችን ቦታ የለውም» የሚለው ነው። አጎትሽ ተሳስተዋል። የብርሃን ስብረት በዚህ ከተማ በየቀኑ ይለካል። ቢራ ጠማቂ የብቅሉን ጭማቂ ስኳር፣ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የሽሮፑን ውፍረት፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ የሽንትን እፍግታ የሚያየው ስብረትን በሚለካው መሣሪያ፣ በሪፍራክቶሜትር ነው። ማር ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም እንዲሁ። ማሩ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የስብረት መጠኑ 1.4915 ከሆነ ከመቶው 18 እጅ ውሃ ነው፤ 1.4865 ከሆነ 20 እጅ። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛ ለአብዛኛው የማር ዓይነት የሚፈቅደው እስከዚያ ድረስ ነው። ከነጥቡ በኋላ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ያለች ልዩነት የአንድን ሙሉ ጭነት ዕጣ ትወስናለች።

ቦታ የሌለው ሙያው አይደለም። የጎደለው መሣሪያው የሚናገረውን የሚረዳ ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ ከመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጀምሮ እያየሁት ነው። ሥራ የጀመርኩበት የስኳር ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ አሮጌ የአቤ ሪፍራክቶሜትር ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሪዝሙ ይከፈታል፣ ሁለት ጠብታ ጭማቂ ይንጠባጠብበታል፣ ይዘጋል። ዓይንሽን ስታስጠጊ ግማሹ ብሩህ፣ ግማሹ ጨለማ የሆነ ክብ ታያለሽ፤ የሁለቱ ድንበር መስቀለኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ማዞሪያውን አዙረሽ ቁጥሩን ታነቢያለሽ። የእኛው ግን ድንበሩ ደብዝዞ ነበር። ለዓመታት በሻካራ ጨርቅ ሲጠረግ ፕሪዝሙ ተፍቆ፣ እያንዳንዱ ተረኛ ድንበሩን በየግምቱ እያስቀመጠ ይመዘግብ ነበር። በዚያ ቁጥር ላይ ምርት ይታቀዳል። በተጣራ ውሃ ልኮ፣ ውሃው በ20 ዲግሪ 1.3330 ማሳየት አለበት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ ልምጣ፤ ስሌት ብቻ ሠርቻለሁና ዋጋ የለኝም ወዳልሽው። ይህ ግማሹ እውነት ነው። የወርቁን ዘዴ ክሬችማንና ሬተር ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በፕሪዝም በኩል የመጣ ብርሃን 50 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ወርቅ ሲመታ በአንድ ማዕዘን ላይ ተመላሹ ብርሃን ድንገት ይጎድላል፤ ከወርቁ ማዶ ያለው ፈሳሽ ሲለወጥ ያ ማዕዘን ይንቀሳቀሳል። ይህንን ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ነገር ግን የስዊድኑ ፋርማሲያ ባዮሴንሰር መሣሪያውን ለገበያ ያቀረበው በ1990 ነው። ቀመሩ ቀድሞ ነበረ፤ መሣሪያ ለመሆን ግን የወርቁ ገጽ አያያዝ፣ የፈሳሹ ፍሰትና የሙቀቱ ቁጥጥር መሠራት ነበረባቸው። አንቺ ያልነካሽው ይህን ነው።

ሙቀቱን ብቻ እንውሰድ። ውሃ 1 ዲግሪ ሲሞቅ የስብረት መጠኑ በ0.0001 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «ሴንሰሬ አንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ ይለያል» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ፣ ፈሳሹ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ በላይ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ይጠበቅብሻል። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት 16፣ ከሰዓት 24 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ሙቀት የማያካክስ መሣሪያ ብታስቀምጪ፣ ንባቡ ምንም ነገር ሳይጨመር ሳይቀነስ ወደ 0.0007 ይዛነፋል፤ በስኳር ቋንቋ ግማሽ ብሪክስ፣ ማለትም ከመቶው ግማሽ እጅ ስኳር ማለት ነው። ጽሑፍሽን ከማስረከብሽ በፊት ይህን ስሌት በአንድ ገጽ አስገቢበት። መርማሪዎችሽም፣ ነገ የሚቀጥርሽ ሰውም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ስለ ጋዙም አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍት የአየርን ስብረት 1.00027 ገደማ ብለው የሚሰጡት በባሕር ጠለል ግፊት ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ቁጥሩ ወደ 1.0002 ይወርዳል። ይህን በዓይንሽ ልታይው ትችያለሽ። ቀይ ሌዘር፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ ብርሃን ከፋይ መስታወትና በቫኩም ፓምፕ አየሩ የሚወጣ 5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይዘሽ ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ መልሶ የሚያገናኘውን የማይክልሰንን ኢንተርፌሮሜትር ግጠሚ። አየሩ ቀስ እያለ ሲመለስ በግድግዳው ላይ የሚያልፉትን ብሩህና ጨለማ ቀለበቶች ቁጠሪ፤ እዚህ ከተማ 30 ያህል ታገኛለሽ፣ ጅቡቲ ብትሆኚ ወደ 40 ይጠጉ ነበር። ከመምህራንሽ የላቦራቶሪ ቁልፍ ለምኚ፤ ቅዳሜም ቢሆን ግቢ። ከዚያ በኋላ «ነክቼ አላውቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤሽ ይወጣል።

የት ልሂድ ካልሽኝ፣ መሣሪያ ወደሚጠገንበትና ልኬቱ ወደሚረጋገጥበት ሂጂ። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት ፎቆች የላቦራቶሪ መሣሪያ አስመጪዎችን እየጠየቅሽ በእግርሽ ዙሪ፤ የአገሪቱን የሥነ ልክ ተቋምም የቅጥር ማስታወቂያ ተከታተዪ። ማመልከቻሽ ላይ የዲግሪሽን ርዕስ አታስቀድሚ፤ ምን መለካት፣ ምን ማስተካከል እንደምትችዪ ጻፊ። ለምሳሌ ሪፍራክቶሜትር ስንት እንደሟሟ እንጂ ምን እንደሟሟ አይናገርም፤ የስኳር ሽሮፕ የተቀላቀለበት ማር እርጥበቱ ከተስተካከለ ፈተናውን ያልፋል። የወርቁ ሴንሰር የተፈለገውም ገጹ ላይ አንድን ነገር ብቻ የሚይዝ ሞለኪውል ማኖር ስለሚቻል ነው። ይህን ለአንድ ማር ላኪ በቀላል አማርኛ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ሥራ አለሽ።

ስለ አጎትሽ በግልጽ ልናገር። ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ውለታ በገንዘብም በአክብሮትም ይመለሳል፣ የሌላን ሰው የሥራ ዘመን በመስጠት አይመለስም። የከፈሉት ለትምህርትሽ ነው፤ ትምህርቱን ደግሞ አሁን ጣይው እያሉሽ ነው። ይህንን ቁጭ ብለሽ፣ በእርጋታ፣ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ገንዘቡን በተመለከተ፣ የጀማሪ ጥገና ባለሙያ ደመወዝ ከባንኩ ሊያንስ ይችላል። ለእናትሽ የምትልኪው በወር ስንት እንደሆነ አልጻፍሽም። ቁጥሩን ከእናትሽ ጋር ተነጋግረሽ ቁረጪ፤ «መላክ አለብኝ» የሚባል ልክ የሌለው ሸክም ተሸክመሽ ሥራ መምረጥ አትችዪም። በሁለት ወር ውስጥ የመሣሪያ ሥራ ካላገኘሽና ቤት ኪራዩ ከገፋሽ ባንኩን ግቢ፤ ቅዳሜሽን ግን ለላቦራቶሪ አስቀሪ።

ሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ይቆይ። ሁለት ዓመት መሣሪያ ፈትታ የገጠመች አመልካች ከምታቀርበው ደብዳቤ የሚበልጥ የለም።

27 ዓመት ለዚህ ሥራ ገና ነው። እንግሊዝኛሽም የመሣሪያ መመሪያ አንብበሽ የምትሠሪበት ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ንግግሩ ከውጭ ከሚመጡ የአምራች ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ስትሠሪ ይስተካከላል።