የቡት ፓርቲሽን ስፋት ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ኡቡንቱ ሊኑክስን ዲስኩን ከማመስጠር ጋር ስጭን ለቡት ፓርቲሽኑ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ለሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) 256 ሜጋባይት መድቤ ነበር። አሁን አዲስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) በመጣ ቁጥር «በቂ ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይመጣና ዝማኔው ይቋረጣል። ከርነሉን የሚያስነሳው ቡት ሎደር ይህን ያህል አድጎ ነውን? እንደገና ብጭነውስ ስንት ልመድብ?

መልስ፦ ቦታውን ያጣበበው በዋናነት ቡት ሎደሩ አይደለም። የኡቡንቱ ቡት ሎደር የሆነው ግሩብም ቢሆን ማደጉ እውነት ነው፤ በድሮው አከፋፈል የመጀመሪያው ፓርቲሽን ከሴክተር 63 (ሴክተር 512 ባይት የሚይዝ የዲስክ ቁራጭ ነው) ስለሚጀምር ለቡት ሎደሩ የሚተርፈው 31 ኪሎባይት ብቻ ነበር፣ ዲስኮችን የማጣመሪያና የመከፋፈያ ዘዴዎች የሆኑትን ሬይድንና ኤልቪኤምን የሚያነቡ ሞጁሎች ሲታከሉበትም አልበቃ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ከዲስኩ መነሻ 1 ሜጋባይት ርቆ ማስጀመር ከተለመደ ወዲህ ግን ይህ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል።

የእርስዎን ፓርቲሽን የሞላው ከእያንዳንዱ ከርነል ጋር የሚዘጋጀው ኢኒትራምኤፍኤስ ነው። ዋናው ዲስክ ከመከፈቱ በፊት የሚያስፈልጉ ድራይቨሮችንና ፈርምዌሮችን (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን) የሚይዘው ይህ ፋይል፣ በተለይ የግራፊክስ ካርዶች ፈርምዌር እየገዘፈ በመምጣቱ፣ ከነከርነሉ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ዝማኔው አሮጌውን ሳያጠፋ አዲሱን አስቀድሞ ስለሚጽፍ፣ ሁለት ከርነል የያዘ 256 ሜጋባይት ለሦስተኛው ቦታ አይኖረውም።

እንደገና ሲጭኑ ከ1 ጊጋባይት አይውረዱ፤ እኔ የምመክረው 2 ጊጋባይት ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ፌዶራም ከ43ኛው ዕትሙ ጀምሮ ነባሪውን መጠን ከ1 ወደ 2 ጊጋባይት አሳድጓል። ከ500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በኋላ ማስፋት ግን ቀጥሎ ያለውን የተመሰጠረ ፓርቲሽን ማጥበብና ማንቀሳቀስ የሚጠይቅ፣ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ መረጃዎን ሊያሳጣዎ የሚችል ሥራ ነው። ዲስክዎን የማያመሰጥሩ ከሆነ ደግሞ የተለየ የቡት ፓርቲሽን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አያስፈልግዎትም።

እስከዚያው አሮጌ ከርነሎችን በፓኬጅ ማስተዳደሪያው (ፕሮግራሞችን በሚጭነውና በሚያስወግደው መሣሪያ) በኩል ያስወግዱ እንጂ ፋይሎቹን በእጅ አያጥፉ፤ አሁን የሚሠሩበትን ከርነል ደግሞ በምንም ምክንያት አይንኩ።

የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ቡት ሎደሩ የሚቀመጥበት ክፍል) ከዚህ የተለየ ነው። ግሩብ እዚያ የሚያስቀምጠው ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ዊንዶውስ የሚፈጥረው 100 ሜጋባይት ይበቃል። ከርነሎቹን እዚያው የሚያስቀምጠውን ሌላ ቡት ሎደር፣ ሲስተምዲ ቡትን፣ ከመረጡ ግን ለእርሱም 1 ጊጋባይት ይመድቡ።