ቀኑ ተቆርጧል

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ለተማሪ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጅ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ‹አይ ዊል ስተዲ› ልበል ወይስ ‹አይ አም ጎይንግ ቱ ስተዲ›?» ብሎ ጠየቀኝ። ከ30 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መልሱ አልጠፋኝም። ግን ጥያቄው አንዲት ተማሪዬን አስታወሰኝና አፌ ተያዘ። ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እሷን እያሰብኩ ነው።

1974 ዓ.ም. ነው። ወሎ ውስጥ በአንዲት የአውራጃ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ «የወደፊት ዕቅዴ» የሚል ድርሰት አዘዝኩና 62 ደብተር ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። መብራት በጊዜ ይጠፋ ስለነበር የማርመው በኩራዝ ነው። የሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ «አይ ዊል ቢ ኤ ዶክተር»፣ «አይ ዊል ቢ ኤ ፓይለት»። የአንዷ ብቻ ተለየብኝ። «አይ አም ሊቪንግ ስኩል ኦን ማንደይ። ማይ ፋዘር ኢዝ ቴኪንግ ሚ ቱ አወር ቪሌጅ። አይ አም ጌቲንግ ማሪድ ኢን ጥር» ይላል። ሦስቱንም ግሶች በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ በላያቸው «ዊል» ጻፍኩባቸው። ግስ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው አይኤንጂ አሁን እየሆነ ላለ ነገር ብቻ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ልጅቷ ያልሰማችኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ከ10 አራት ሰጠኋት።

ዓርብ ደብተራቸውን መለስኩ። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቀረች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ስህተት ሆነ? ቀኑ እኮ ተቆርጧል» አለችኝ።

«ቢቆረጥስ? ገና ነዋ! ገና ለሆነ ነገር ዊል ነው» አልኳት። ጠመኔ አንስቼም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት። «እሺ ቲቸር» ብላ ሄደች።

ሰኞ ስም ስጠራ የለችም። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ብድግ ብላ፣ «ሄዳለች፤ ልትዳር ነው» አለችኝ።

ያንን ድርሰት አላነበብኩትም ማለት አልችልም። ግሶቹን ለቅሜ ለመሰረዝ እያንዳንዱን ቃል አይቻለሁ። የምትለውን ግን አልሰማሁም፤ ፊት ለፊቴ ቆማ በአማርኛ ስትነግረኝ እንኳ አልሰማሁም። በዚያን ጊዜው ሕግም ቢሆን ከ15 ዓመት በታች ያለች ልጅ አትዳርም ነበር። ዕድሜዋን አልጠየቅኳት። ዳይሬክተሩ ዘንድ መሄድ፣ አባቷን ማስጠራት፣ የሚከበሩ ሽማግሌዎች መላክ ይቻል ነበር። ቅዳሜና እሑድ በእጄ ነበሩ። ይሳካልኝ ነበር አልልም። ግን አልሞከርኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለክረምት ኮርስ ስድስት ኪሎ ሄጄ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ስገልጥ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከሰው ጋር ተነጋግረው ቀን የቆረጡለትን ጉዳይ በአይኤንጂ እንደሚናገሩት አነበብኩ። መጽሐፉን ከድኜ ወጣሁ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ በልጅነቴ ሰምቼው የነበረ መሆኑ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አሜሪካዊው የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ መምህራችን «አይ አም ሊቪንግ ኦን ፍራይደይ» ሲለን፣ አሁኑኑ የሚሄድ መስሎን ክፍሉ በሙሉ ሊሰናበተው ተነሣ። ረጅም ሰው ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ጫማውን አውልቆ ጭቃውን በባዶ እግሩ ያቋርጥ ነበር። በእጁ ቁጭ በሉ አለን። ዓርብ ብስክሌቱን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጥቶ ሄደ።

እኛን የሚያሳስተን «እሄዳለሁ» የምትለው ቃላችን ናት። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ፣ እሺ እሄዳለሁ፤ ሁሉንም እሷው ትሸከመዋለች። ስለዚህ ወደፊት የሚሆነውን ሁሉ ለ«ዊል» እንሰጠዋለን። «ዊል» ግን ስልክ ሲጮህ «እኔ አነሣዋለሁ» እንደምንለው እዚያው ለመጣ ሐሳብ፣ ወይም ለሰው ለምንገባው ቃል ነው። «ጎይንግ ቱ» ደግሞ አስቀድመን ያሰብነው ነው፤ እሱን አማርኛችንም ያውቀዋል። «ልማር ነው» እንላለን፤ ደመናው ሲጠቁር «ሊዘንብ ነው» እንላለን። ቀን የተቆረጠለት በአይኤንጂ ይነገራል። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓትን የመሰለውማ ተራው ግስ ይበቃዋል፤ «ዘ ባስ ሊቭስ አት ሲክስ»፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። ከ«ዌን» እና ከ«ኢፍ» ቀጥሎ ዊል እንደማይገባ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም።

የዛሬ ልጆች የጻፋችሁትን ለስልካችሁ ሰጥታችሁ «አስተካክልልኝ» ትላላችሁ። አልወደውም። ቀን መቆረጡንና አለመቆረጡን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስልኩ ከየት ያውቃል? ይህን እያልኩ ግን፣ ያኔ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖራት ኖሮ ከእኔ ይልቅ እሱ ይፈርድላት እንደነበር አውቃለሁ።

ለጎረቤቴ ልጅ፣ ጠያቂው ሰው ስለ ግስህ ብዙም አይጨነቅም፣ የምትማረውን ነገር በደንብ አስረዳ አልኩት። ከዚያ ደግሞ ዝም ማለት አቅቶኝ እስኪመሽ ስለ ግሱ አስረዳሁት። «ቀን ተቆርጧል?» አልኩት። «ኧረ ገና ነው፣ ቪዛው መች ተገኘና!» አለኝ። «እንግዲያው ‹ጎይንግ ቱ› በል። ትኬት ስትቆርጥ መጥተህ በአይኤንጂ ትነግረኛለህ» አልኩት።

ከእናንተ መካከል መምህር የሚሆን ካለ፣ ደብተር ሲያርም መጀመሪያ እስክሪብቶውን ከድኖ ያንብብ።

የዚያች ልጅ ድርሰት አንድ የመጨረሻ መስመር ነበረው። «አይ ዊል ኖት ፎርጌት ማይ ኢንግሊሽ» ይላል። በድርሰቱ ውስጥ ራሷ በዊል የጻፈችው እሱን ብቻ ነበር። ራይት አድርጌበት ወደሚቀጥለው ደብተር አለፍኩ።