ያገለገለ የጋዝ ኤርሶፍት ሽጉጥ ስንት ይጠየቅበታል?

ጥያቄህ ይህ ነው፦ የጃፓኑ ቶኪዮ ማሩይ የሠራውን የጋዝ ኤርሶፍት ሽጉጥህን (በጋዝ ግፊት ትንንሽ የፕላስቲክ ኳስ የሚተኩሰውን የጨዋታ ሽጉጥ) ከሦስት ካዝና ጋር ልትሸጥ አስበሃል፤ ለብረቱ የላይ ክፍልና ለአዲሱ የውስጥ በርሜል ያወጣኸውን በመግዣው ላይ ደምረህ መጠየቅ ትችል እንደሆነ ማወቅ ፈልገሃል።

ድምሩን እርሳው። የተቀየረ ዕቃ የሚያስደስተው የቀየረውን ሰው ነው። እኔ እንዲያውም «ውስጡ ተሻሽሏል» የሚል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደፈታው ነው። የፋብሪካው ክፍሎች በእጅህ ካሉ መልሰህ ግጠማቸውና የብረቱን ለብቻው ሽጠው።

ዋናው ገንዘብ ያለው ካዝናው ላይ ነው። ኳሱንም ጋዙንም ቫልቩንም የሚይዘው እሱ ስለሆነ አዲሱ ውድ ነው፤ ሲያፈስ ደግሞ ሽጉጡ ምንም ቢያምር አይሠራም። ሦስቱንም ጋዝ ሞልተህ አሳድራቸውና በማግስቱ ተኩስባቸው። ጋዙ ያለቀበትን እንደገና ሞልተህ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ አረፋው ቀዳዳውን ይነግርሃል። የደረቀ የማሸጊያ ጎማ አንዳንዴ በጥቂት የሲሊኮን ዘይት ይመለሳል። ካልተመለሰ «ያፈሳል» ብለህ ጻፍና በነጻ ጨምርለት፤ ደብቀህ ከሸጥኸው ገዢው በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

የፋብሪካውን የላይ ክፍል መልሰህ ከገጠምህ ስንጥቅ ፈልግበት። ፕላስቲክ ነው፤ የተሠራውም ለ134ኤ ጋዝ ነው። ከዚያ የበረታው ግሪን ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔን፣ ሲደጋገምበት ይሰነጥቀዋል። ኳሱ ሲያልቅ የላይ ክፍሉ ወደ ኋላ ቀርቶ የሚያዝበት ጎድጎድ ተበልቶ እንደሆነም እይ። ከማኅደሩ ጋር ሲፋተግ ለተጫረው ቀለም ግን እኔ ዋጋ አልቀንስም።

ፍጥነት መለኪያ ከተገኘ በ0.20 ግራም ኳስ ደጋግመህ ለካ፤ በጥይቶቹ መካከል ፋታ ስጠው፣ ካዝናው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳልና። ቁም ነገሩ ቁጥሮቹ መቀራረባቸው ነው። በዚህ ኳስ በሴኰንድ 100 ሜትር ማለት 1 ጁል ኃይል ነው፤ ብዙ የጨዋታ ሜዳዎች የኃይል ገደብ ስላላቸው በጣም የበረታ ሽጉጥ ገዢ ያጣል።

ለዋጋው፣ ሰዎች የጠየቁትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከት። ጣሪያህ ዛሬ አዲሱ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። እኔ ጤነኛ ሽጉጥ ሁለት ከማያፈሱ ካዝናዎች ጋር ባገኝ ከአዲሱ ዋጋ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ እከፍላለሁ፤ ሳጥኑና መመሪያው ካሉ ወደ ላይኛው እጠጋለሁ። ማስታወቂያህ ላይ ካዝናው ተሞልቶ እስከ መጨረሻው ኳስ ሲተኮስ የሚያሳይ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ብታክል፣ የሚከራከርህ ሰው ይቀንሳል።