መልስ፦ ተቅማጡ ቆሟል፤ ዚንኩን ላቋርጥ?

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን ተሻለው! ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቆመ ብለሽ ግን ዚንኩን (ለተቅማጡ የታዘዘለትን ክኒን) አታቋርጪ፤ የታዘዘለትን 10 ቀን ይጨርስ። ኦአርኤሱ (በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) የወጣውን ውሃና ጨው ይተካል። ዚንኩ ደግሞ በሚቀጥሉት ከ2 እስከ 3 ወራት ተቅማጡ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን ይቀንሳል።

«ዚንኩ ያስታውከዋል» ያልሽው እውነት ነው፣ ብዙ ልጆች ላይ ይታያል። በሕንድና በታንዛኒያ 4,500 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በቀን 5 ወይም 10 ሚሊግራም ዚንክ የወሰዱት 20 ከወሰዱት ያነሰ አስታወካቸው፤ ጥቅሙ ግን ያን ያህል አልተለየም። ይህን ሰምተሽ ክኒኑን ራስሽ እንዳትከፍዪው፣ አደራ! መጀመሪያ ያዘዘልሽን ባለሙያ ጠይቂ። እስከዚያው በማንኪያ ውሃ አሟሙተሽ ስጪው።

ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ግን የእኛን መልስ አትጠብቂ፤ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።