«እሱ የሶሻሎች ነው»

ለአራት ኪሎ ተማሪዎች፦

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ ስጠጣ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ደብተራቸውን ዘርግተው የሚያጠኑ ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ስለ ጣሊያን ወረራ የሆነ ነገር ስታነሳ ጓደኛዋ «እሱ የሶሻሎች ነው፤ እኛ ናቹራል ነን» ብሎ ዘጋት። ጣልቃ አልገባሁም። ሽማግሌ በልጆች ጨዋታ ሲገባ ደስ አይልም። ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ይኼን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው፤ እናንተም አብራችሁት አንብቡ።

እኔ በሙያዬ ቀያሽ ነበርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባን በቴዎዶላይት፣ በማዕዘን መለኪያው መሣሪያ፣ ሳያት ኖሬአለሁ። ቅየሳ ሒሳብ ነው፤ በእናንተ አነጋገር እኔም ናቹራል ነበርኩ ማለት ነው። ታሪክን ያስተማረኝ ግን ይኸው ሥራ ነው። የታክሲ ረዳት «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ሲል ስንቶቻችን ቃሉ ከየት መጣ ብለን እናውቃለን? «ካዛ ኢንቺስ» ነው፤ ኢንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው ተቋም ስም አህጽሮት ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ፣ ለተራው ጣሊያናዊ ሠራተኛ የታሰበ። ፋሺስቶቹ አዲስ አበባን ከሚያዝያ 1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲይዟት ጉይዲና ቫሌ የሚባሉ ሁለት አርክቴክቶች ነጩን እዚህ፣ ጥቁሩን እዚያ የሚያደርግ ፕላን ነደፉላቸው። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፣ የአገሬው ሰው ገበያ። «ኢንዲጄኖ»ው ተረሳ፣ መርካቶ ቀረ። ካዛንቺስም ይኸው አብዛኛው ፈርሶ ስሙ አልፈረሰም።

ዘረኝነት ፕላን ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ስድብ የለበትም። ቀጭን መስመር ነው፤ በደንብ የተሰመረ፣ በቀለም የተለየ፣ ስኬሉ በትክክል የተጻፈ። ባለሙያ ሲያየው እጅ የሚያስጨብጥ ሥራ ነው። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ እኔ ራሴ ስሠራው የኖርኩት ዓይነት መስመር ነበር።

ሳይንቲስትም ነበራቸው። ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የሚባል አንትሮፖሎጂስት የአፍሪካውያንን ፊት በጀሶ እየቀረጸ ያከማች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውን የጣሊያን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። ታዲያ ይኼን ለሶሻሎች ብቻ ትተን የት እንደርሳለን? የጀሶውን ሳይንስ ያፈረሰው እኮ ሳይንስ ነው። አሜሪካዊው የዘረ መል ተመራማሪ ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ስሌት መሠረት ከሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት 85 በመቶ ገደማው የሚገኘው ዘር በሚባሉት መካከል ሳይሆን በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎች ናሙና ወስዶ፣ ቆዳን ከሚያፈኩት የዘረ መል ልዩነቶች አንዳንዶቹ የተነሡት እዚሁ አፍሪካ መሆኑን አሳይቷል። ናቹራል የሆንከው ልጅ፣ ይኼ ያንተ የቤት ሥራ ነው። ሶሻሏም ብትሆኚ ያን 85 በመቶ ሳትረጂ ስለ ዘረኝነት ድርሰት አትጻፊ፤ ማልቀስ ብቻ ይሆንብሻል።

ዶክተር መላኩ በያን ናቹራል ነበሩ ወይስ ሶሻል ትላላችሁ? ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕክምና ተማሩ። ጦርነቱ ሲመጣ አገራቸው ገብተው በሐኪምነት አገለገሉ። ከዚያ ኒውዮርክ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን አሰለፉ፣ ጋዜጣ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሲያርፉ ዕድሜያቸው አርባ ገደማ ነበር።

የሥነ ጽሑፉ ነገር ደግሞ ከአንድ ቃል ይጀምራል። በአማርኛ «ዘር» የሚዘራው ነው፣ ልጅ ነው፣ የደም ሐረግ ነው፣ የቆዳ ቀለምም ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስለ ዘረኝነት የሚያወራ ሰው ሳያስበው የራሱ ቤት ይገባል። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያቸው ነጭ አይደለም። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልንን ሰው ቡዳ ያልነው እኛው ነን። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣውም በ1934 ዓ.ም. ነው፣ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ። አንዳንድ እኩዮቼ ይኼን ስናገር ፊታቸውን ያዞራሉ።

እኔም ፊቴን አዙሬ አውቃለሁ። በወጣትነቴ በቅየሳ ቡድናችን ውስጥ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ የሚይዝ ልጅ ነበር፤ ከምዕራብ የመጣ፣ ጠይምም አይደለም፣ ጥቁር። ሁላችንም «ሻንቆ» እንለው ነበር። እሱም «አቤት» ይላል። አቤት ስላለ ስሙ መሰለኝ። የደመወዝ መክፈያውን ቅጽ የማዘጋጀው እኔ ስለነበርኩ ስም በሚለው ዓምድ «ሻንቆ» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ሊፈርም መጣ። ቅጹን ትንሽ አየው። ከዚያ በፊርማው ቦታ፣ ሳይቸኩል፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ፤ የእጅ ጽሑፉ ከእኔ ያማረ ነበር። ምንም አላለም። ብሩን ቆጥሮ ወጣ።

ያን ሰሞን ስለ ጣሊያኖቹ ፕላን ለሰው ስተርክ ድምፄ ከፍ ይል ነበር፤ ትዝ ይለኛል።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሱ ነው። በሚቀጥለው ወር ግን ቅጹ ላይ ጻፍኩት። አንድ ፊደል ስቻለሁ። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብሎ አረመው።